የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ሲጮህ

ወንድሜ፣ ኮሮላህ የፍሪሲዮን ፔዳሉን ስትረግጥ ይጮሃል፣ ስትለቀው ዝም ይላል ብለሃል። ይህ ወደ ፍሪሲዮን ኩሽኔታው፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን ገፍቶ ወደሚያላቅቀው ተሽከርካሪ ቀለበት የሚያመለክት ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሳለ እግርህን ስታነሳ ጮሆ ስትረግጥ ቢጠፋ ኖሮ፣ የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ እጠረጥር ነበር።

እባክህ «አጥበን ግራሶ እንቀባዋለን» የሚልህን አትስማ! ይህ ኩሽኔታ ግራሶው በውስጡ ታሽጎ የሚመጣ ነው፤ ቤንዚን ውስጥ ሲነከር ግራሶው ታጥቦ ይወጣል። የእኔን መኪና እንዲህ አድርገውብኝ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጩኸቱ ብሶ ተመለሰ፤ ካምቢዮ ለማውረድም ሁለት ጊዜ ከፈልሁ። አስለውጠው።

ዋናው ድካም ካምቢዮውን ማውረዱ ስለሆነ፣ አንዴ ከወረደ የፍሪሲዮኑን ዲስክና ዲስኩን የሚጫነውን ሳህን አብረህ አሳይ፤ ካለቁ ሦስቱም በአንድ ላይ ይለወጡ። ኩሽኔታውን የሚገፋው ሹካ ተበልቶ እንደሆነ፣ ከሞተሩ በኩልም ዘይት ያፈስስ እንደሆነ ተመልከት። ኩሽኔታው በሚንሸራተትበት ቱቦ ላይ ግራሶ በስሱ ብቻ ይቀባ፤ ዲስኩን ከነካው ፍሪሲዮኑ መያዝ ያቅተዋል።

አዲሱ ከገባ በኋላ እየነዳህ እግርህን ፔዳሉ ላይ አታሳርፍ፤ ትንሿ ጫና እንኳ ኩሽኔታውን ያለ ዕረፍት ታሽከረክረዋለች።