«ርዕስ ይስጡኝ» አይባልም፦ የነርሲንግ ጥናት ጥያቄና መልስ ከሲስተር ጋር

ይህ ቅዳሜ ማታ በግሩፓችን የተደረገ ክፍት ጥያቄና መልስ ነው። አባላቱ ጅማ ከተማና ዙሪያዋ ያለን ነርሶችና አዋላጆች ነን። መላሿ ሁላችንም «ሲስተር» የምንላቸው ናቸው። ብዙ ዘመን ዋርድ ሠርተው አሁን የማስተርስ ተማሪዎችን ፕሮፖዛል (የጥናት ዕቅድ) ያያሉ። የምሽቱ ጉዳይ የጥናት ርዕስ አመራረጥና ርዕሱን ለምን እንደመረጥን የምንጽፈው ምክንያት ነበር። ከመስመር የወጣውንም ወሬ አልቆረጥነውም።

ሁለተኛ ዓመት፦ ሲስተር እንደምን አመሹ? ለማስተርስ ርዕስ እየፈለግሁ ነው። ጥሩ ርዕስ ቢጠቁሙኝ።

ሲስተር፦ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ርዕስ አልሰጥም። የት ዋርድ ነው የምትሠሪው? እዚያ በየቀኑ የሚያናድድሽ ነገር ምንድነው?

ሁለተኛ ዓመት፦ ሜዲካል ዋርድ ነኝ። የሚያናድደኝ፣ ስትሮክ መቷቸው የሚተኙት ሰዎች ጀርባቸው ይቆስላል። ለሕክምና መጥተው ሌላ በሽታ ይዘው ይወጣሉ።

ሲስተር፦ አየሽ፣ ርዕስ አለሽ። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ካስጀመራችሁኝ አታስቆሙኝም።

«የአልጋ ቁስል በሜዲካል ዋርድ» ብለሽ እንዳትመጪ። ውስጡ ብዙ ጥያቄ አለ። ዛሬ ከተኙት ውስጥ ስንቱ ቁስል አለበት? ይህን ለማወቅ በአንድ ቀን ሁሉንም ገልብጠሽ ቆዳቸውን ታያለሽ። ቆዳው ደህና ሆኖ ከገባው ውስጥ ስንቱ እዚህ ቆሰለ? ይህ ሌላ ጥናት ነው፤ ከገቡበት ቀን ጀምሮ መከታተል ይፈልጋል። ከቤቱ ቆስሎ የመጣውን እዚህ ከቆሰለው ጋር ደባልቀሽ ዋርዱን እንዳታስወቅሺ።

መለኪያ ካልሽ ብሬደን የሚባል የአልጋ ቁስል አደጋ መመዘኛ አለ። በፈረንጆች 1987 የታተመ ነው። ሕመምና ጫና ይሰማዋል ወይ፣ ቆዳው ይረጥባል ወይ፣ ይነሳል ወይ፣ አልጋው ላይ ራሱን ያዞራል ወይ፣ ይበላል ወይ፣ ከአንሶላው ጋር ይፋተጋል ወይ፤ እነዚህን ስድስት ነገሮች ይመዝናል። ነጥቡ ከ6 እስከ 23 ነው። ዝቅ ባለ ቁጥር አደጋው ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ 18 እና ከዚያ በታች የሆነው ተጋላጭ ይባላል።

አሁን ልብ በይ። የመጀመሪያው ደረጃ ቁስል መጽሐፉ ላይ «መቅላት» ነው፣ በጣት ሲጫኑት የማይነጣ። የኛን ሕሙማን ቆዳ አስቢው። መቅላቱን በአምፖል ብርሃን ከየት ታይዋለሽ? ስለዚህ በዓይን ብቻ የቆጠረ ሰው አሳንሶ ይቆጥራል። ተረከዙንና የጀርባውን የታች አጥንት በእጅሽ ዳስሺ። ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ይልቅ ይሞቃል? ይጠነክራል? ያመዋል? መረጃ ሰብሳቢዎችሽን ይህን ካላሠለጠንሽ ቁጥርሽ ከመነሻው ውሸት ነው።

ሌላው፣ እኛ ዘንድ በሽተኛውን የሚያዞረው ማነው? አስታማሚው ነው። ልጅየው አባቱን ከሊሙ ወይ ከሸቤ ይዞ ይመጣል፣ ከአልጋው ሥር ጋቢ አንጥፎ ያድራል። «በየሁለት ሰዓቱ አዙረው» ብለነው እንሄዳለን። ሰዓት አለው ወይ? አንሶላውን ይዞ ማንሳት እንጂ ጎትቶ ማዞር ቆዳ እንደሚልጥ ያሳየው አለ? ከውጭ የመጣው መጠይቅ ስለ አስታማሚ አንዲት ጥያቄ ላይኖረው ይችላል። አንቺ ግን በዓይንሽ እያየሽው ነው።

በመጨረሻም፣ ርዕሱን ከማጽደቅሽ በፊት ቻርቱን እዪ። የማዞሪያ ሰዓት የሚመዘገብበት ቅጽ አለ? ካለስ ይሞላል? መዝገብ ላይ የሌለ ነገር ከመዝገብ አይጠናም።

ማታ ፈረቃ፦ ይቅርታ ሲስተር፣ የጥናት ሥነ ምግባር (ኤቲክስ) ኮሚቴው ሳይፈቅድ ቻርት እንዴት እናያለን?

ሲስተር፦ ጥሩ ጥያቄ። መረጃ ሰብስቡ አላልኩም። የዋርዱን ኃላፊ አስፈቅዳችሁ ቅጹ መኖሩንና መሞላቱን ጠይቁ፣ ባዶውን ቅጽ እዩ። የማንንም ስም፣ ካርድ ቁጥር፣ ምርመራ አትጻፉ፣ ፎቶ አታንሱ። ለጥናቱ የሚሆን መረጃ ግን የኤቲክስ ኮሚቴው ደብዳቤ ከወጣ በኋላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

የአጋሮ ልጅ፦ ሲስተር፣ የኔ ርዕስ «የነርሶች ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር በእጅ ንጽህና ላይ» ነው። አማካሪዬ ወዶታል።

ሲስተር፦ እኔ አልወደድኩትም። ዕውቀት፣ አመለካከት፣ ተግባር! ይህን ሦስትዮሽ ስንቴ አየሁት! መጠይቅ ይዘህ «እጅህን ትታጠባለህ?» ብትለው ማን «አልታጠብም» ይልሃል? ተግባር በወሬ አይለካም። የዓለም ጤና ድርጅት አምስቱን ጊዜዎች አስቀምጧል፦ በሽተኛውን ከመንካት በፊት፣ ንጹህ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፣ በሽተኛውን ከነኩ በኋላ፣ አካባቢውን ከነኩ በኋላ። ቁጭ ብለህ በዓይንህ ቁጠር። ሰው እየታየ ሲሆን አመሉን ያሳምራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለመላመጃ ተዋቸው። ከሁሉ በፊት ግን ጤና ጣቢያው ቧንቧ ውሃ አለው?

የአጋሮ ልጅ፦ አንዳንዴ።

ሲስተር፦ «አንዳንዴ» ያልከው ነው ርዕስህ።

ሰርጂካል፦ እኔ ግን ቅር ብሎኛል። ሁሌ ነርሷ ናት የምትጠናው። አልታጠበችም፣ አላዞረችም፣ አልመዘገበችም። ለአንዲት ነርስ ስንት በሽተኛ ነው የሚሰጣት? እሱን ማን ያጠናል?

ማታ ፈረቃ፦ እውነት ነው! ማታማ ብቻችንን ነን።

ቁጥር ወዳዱ፦ ኧረ የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያውንም ጨምሩበት። ገና አልገባም።

ሰርጂካል፦ የናንተም አልገባም? እኛ ጋ ገብቷል ሲባል ሰምቼ ነበር።

ቁጥር ወዳዱ፦ ወሬ ነው አቦ።

ሲስተር፦ ዲዩቲውን ሌላ ቀን። የሰርጂካሉ ቅሬታ ግን ሜዳ አለው። «ያልተሰጠ እንክብካቤ» ይባላል። ካሊሽ የምትባል ነርስ ተመራማሪ በፈረንጆች 2006 የጻፈችበት ነው። መጠይቁ ምን ቀረ ብሎ ብቻ አያቆምም፣ ለምን ቀረ ይላል፦ ሰው አንሶ ነው፣ ዕቃ ጠፍቶ ነው፣ ወይስ ርክክቡ ላይ ሳይነገር ቀርቶ? ነገርን ከሥሩ እንደሚባለው ነው። ነርሷን ከመውቀስ ያወጣሃል፣ ለኃላፊውም የሚይዘው ነገር ይሰጠዋል። እዚህ ከምትነጫነጭ ፕሮፖዛል አድርገው።

ቁጥር ወዳዱ፦ ናሙናው 423 መሆን አለበት አይደል? ሁሉም ሰው 423 ነው የሚለው።

ሲስተር፦ የስታትስቲክስ ሰው ጠይቅ።

ኤፒ፦ እኔ ልመልስ። 423 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። የምታጠናው ችግር ከመቶ ስንቱ ላይ እንዳለ የማይታወቅ ሲሆን 50 በመቶ ይያዛል፣ 95 በመቶ መተማመኛ፣ 5 በመቶ ስህተት፤ 384 ይመጣል። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 423 ገደማ። አጠቃላይ የምታጠናቸው ሰዎች ትንሽ ከሆኑ ግን ይስተካከላል። ሆስፒታልህ 180 ነርስ ካለው 384ን ለ1 ሲደመር 384/180 ታካፍላለህ፣ 123 ይሆናል። 10 በመቶ ጨምር፣ 136።

ሲስተር፦ 180 ነርስ ባለበት 423 ናሙና ብሎ የጻፈ ፕሮፖዛል ደርሶኛል። ተጨማሪዎቹን ከየት ሊያመጣ እንደሆነ አልነገረኝም።

አዋላጇ፦ ሲስተር፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ላይ የካንጋሮ እንክብካቤን፣ ማለት ሕፃኑን እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ መያዝን፣ ማጥናት ፈልጌ ነበር። ደግሞም «በጅማ አልተጠናም» ብዬ ብጽፍ ምክንያት ይሆናል?

ሲስተር፦ ሁለት ጥያቄ ነው። ካንጋሮውን ባጭሩ ልመልስ፣ የጨቅላ ሰው አይደለሁም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2022 ምክሩ ከወሊድ በኋላ ወዲያው ይጀመር፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሁን ይላል። ስለዚህ «እናቶች ያውቃሉ ወይ» ብለሽ አትጠይቂ። በቀን ስንት ሰዓት ደረቷ ላይ ዋለ? የሚቀመጡበት ወንበር አለ? ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ይዞላታል? እሱን ጠይቂ።

ሁለተኛው ላይ ግን ልቆይ፤ ሁላችሁም የምትወድቁት እዚህ ነው።

«በጅማ አልተጠናም» ብቻውን ምክንያት አይሆንም። የአንሶላችን ቀለምም በጅማ አልተጠናም። ያልተጠናው ለምን ያስፈልጋል፣ ጅማ ላይ ውጤቱ ለምን ይለያል ብለን እናስባለን፣ እሱን ጻፉ።

የችግሩን መግለጫ ሁላችሁም በአንድ ቅርጽ ነው የምታመጡት። ዓለም ላይ ይህን ያህል፣ ከሰሃራ በታች ይህን ያህል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ያህል፣ «ስለዚህ ጅማ»። ከላይ ወደ ታች መውረዱ ክፋት የለውም። ታች ስትደርሱ ባዶ ነው። የአገሩ ቁጥር በራሱ የዋርዳችሁን ጥናት አያስረዳም፤ ከጥያቄያችሁ ጋር የሚያስተሳስረውን እናንተ ናችሁ የምትጽፉት።

ባንቺው ርዕስ ላሳይሽ። በፈረንጆች 2016 የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019ኙ አጭር ጥናት 48 በመቶ ሆኑ። የጨቅላ ሞቱስ? በሺህ 29 የነበረው 33 ሆነ። እዚህ ላይ «ሞት ጨመረ» ብለሽ አትጩሂ፤ ልዩነቱ የናሙና ሊሆን ይችላል። «አልቀነሰም» በይ። እናቶች በብዛት ወደ ተቋም መጡ፣ ጨቅላዎቹ ግን የዚያን ያህል አልተረፉም። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ አንቺ መመርመር የምትችይው በሩን አልፈው ከገቡ በኋላ የሚሆነውን ነው። ቁጥሩ ወደ ዋርድሽ አስገባሽ። ከዚህ ቀጥሎ እስካሁን የተጠናው የቱ ጋ እንደሚያልቅ በሁለት አንቀጽ ጻፊ።

የመጨረሻው አንቀጽ ላይ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ውጤቱ ሲወጣ ማን ምን ይቀይራል? «ለፖሊሲ አውጪዎች ግብዓት ይሆናል» የሚለውን ሳይ እስክሪብቶዬን እጥላለሁ። ፖሊሲ አውጪው ያንተን ቴሲስ (የመመረቂያ ጽሑፍ) አያነብም። የጨቅላዎች ክፍል ኃላፊዋ ምን ትቀይራለች? ወንበር ትጠይቃለች? የቪዚት ሰዓት ታስተካክላለች? ይህን መጻፍ ካልቻላችሁ ርዕሱን ቀይሩ።

ዝምተኛው፦ ቃለ መጠይቅ ብቻ ይዤ ብመጣ ዲፌንስ ላይ፣ ቴሲሴን ለፈታኞች ሳቀርብ፣ ያሳልፉኛል? ቁጥር የሌለው ጥናት ጥናት አይደለም ይላሉ።

ኤፒ፦ እውነታቸውን ነው። ከ12 ሰው ጋር አውርተህ ምን ልታጠቃልል ነው?

ሰርጂካል፦ ለምን ያጠቃልላል? አስታማሚው ለምን እንደማያዞር ሊያውቅ ነው። 400 ሰው «አዎ/አይ» ብሎህስ ምን ታውቃለህ?

ኤፒ፦ ስንቱ እንደማያዞር አውቃለሁ!

ሰርጂካል፦ ይሄ ምን ይጠቅማል ታዲያ?

ኤፒ፦ በጀት የሚሰጥህ በቁጥር ነው፣ ወንድሜ።

ሲስተር፦ በቃ። «ስንት» ያለ ይቆጥራል፣ «ለምን» ያለ ያነጋግራል። ዘዴውን የሚመርጠው ጥያቄው ነው። ዝምተኛው፣ ጥያቄህን ሳትጽፍ ዘዴ አትጠይቀኝ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ሲስተር፣ አሁን ነው የገባሁት። ለዲግሪ የሚሆን ቀላል ርዕስ ይስጡኝ።

ሲስተር፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ ቻትጂፒቲን ጠይቄ አሥር ርዕስ ሰጥቶኛል። አንዱን ቢመርጡልኝስ?

ሲስተር፦ ዋርድህን አይቶ ያውቃል? ርዕስ ቢሰጥህ ግድ የለም፣ ማንበብ የሚያስፈልግህ አንተ ነህ። ያመጣልህን ዋቢ ጽሑፍ ግን አንድ በአንድ ፈልገህ ክፈተው። የሌለ ጽሑፍ ጠቅሶ የመጣ ተማሪ አይቻለሁ። የጤና ጆርናሎች የሚነበቡበት የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ አለልህ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናልም አለ። መጀመሪያ ቤትህ ያለውን አንብብ።

ሁለተኛ ዓመት፦ ሲስተር፣ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «በሜዲካል ዋርድ በስትሮክ የተኙ ሕሙማን የአልጋ ቁስልና ተያያዥ ምክንያቶቹ፣ እንዲሁም የነርሶች ዕውቀትና የአስታማሚዎች ሚና»።

ሲስተር፦ ሦስት ቴሲስ ነው። አንዱን ያዢ። ጥሩ ጥናት ይቻላል፣ ይስባል፣ አዲስ ነው፣ ሥነ ምግባር ይጠብቃል፣ ይጠቅማል ይባላል። እናንተ የምትወድቁት የመጀመሪያው ላይ ነው። በስድስት ወር ስንት የስትሮክ ታካሚ እንደሚገባ ከመመዝገቢያው ቁጠሪ። ካነሱ ስትሮክ የሚለውን አውጪና ራሱን ማዞር የማይችል ሁሉ ይግባ።

የአጋሮ ልጅ፦ የስምምነት ቅጹ በአማርኛ ቢሆን ይበቃል?

ሲስተር፦ ታካሚህ የሚናገረው ምንድነው? አብዛኛው አፋን ኦሮሞ ነው፣ ከካፋና ከዳውሮ የሚመጣም አለ። በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት። ማንበብ የማይችል ከሆነ ምስክር ባለበት አሻራውን ያሳርፋል። ስሙ መጠይቁ ላይ አይጻፍ። ደግሞም እምቢ ቢል ሕክምናው እንደማይጓደል አስቀድመህ ንገረው። ነጭ ጋዋን ለብሰህ «ፈቃደኛ ነህ?» ብትለው አይ አይልህም። ስለዚህ የሚያክመው ሰው አይጠይቀው።

ማታ ፈረቃ፦ መረጃ የምሰበስበው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቢሆንስ?

ሲስተር፦ ርዕስህ አስታማሚን ይነካል?

ማታ ፈረቃ፦ አዎ።

ሲስተር፦ ያ የቡና ለቀማ ነው። ጎልማሳው ማሳ ላይ ይሆናል፣ አልጋው አጠገብ የምታገኘው አያት ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ሁለቱም የሚያዞሩበት ጉልበት የላቸውም። ወይ ከየካቲት በኋላ አድርገው፣ ወይ ለቀማውን ራሱን ጥያቄህ ውስጥ አስገባው። መመዝገቢያውን ግን አሁኑኑ ሂድና እይ።