መልስ፦ አፈሙዙ ላይ 1894 ተጽፏል፤ ጠመንጃው የዚያ ዓመት ነው?

ሰላም ወንድሜ። ከአያትህ የወረስከው ዊንቸስተር (በአሜሪካው የዊንቸስተር ፋብሪካ የተሠራ ጠመንጃ) ላይ «ኦገስት 21 ቀን 1894» የሚል ስላየህ የዚያ ዘመን ሥራ መስሎሃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቀኑ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበበት ነው እንጂ ጠመንጃው የተሠራበት አይደለም። ፋብሪካው ያንኑ ቀን ለብዙ ዓመታት ሲመታበት ኖሯል።

ከሁሉ በፊት ግን ጥይት እንዳልጎረሰ አረጋግጥ። አሮጌ ነው ብለህ አትዘናጋ።

ከዚያ ገልብጠህ ሆዱን እይ። ከአፈሙዙ መነሻ አጠገብ፣ ብረቱ አካል ላይ ተከታታይ ቁጥር ታገኛለህ። ዋናው ማስረጃህ እሱ ነው። የዊንቸስተር ቁጥሮች በየዓመቱ ተከፋፍለው የተዘረዘሩበት ሠንጠረዥ ስላለ ከዚያ ጋር አመሳክረው። አፈሙዝ ሊቀየር ይችላል፣ ሰደፍም እንደዚያው። ቁጥሩ ያለበት አካል ግን የጠመንጃው ማንነት ነው።

የጥይቱ ዓይነትም ይናገራል። ጥያቄህ ላይ ሠላሳ-ሠላሳ (.30-30) የሚባለው የጥይት ዓይነት ነው ብለሃል። ይህ ጥይት ገበያ ላይ የወጣው በ1895 (ሁሉም ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ስለሆነ፣ አፈሙዙ ከ1894 ሊሆን አይችልም። ሞላላ ክብ ውስጥ «ደብልዩ» እና «ፒ» ፊደላት ካየህ ደግሞ ከ1905 ወዲህ የተመታ የፍተሻ ማህተም ነው። ለጥገና ፋብሪካ በተመለሱ ቀደምት ጠመንጃዎች ላይም ሊገኝ ስለሚችል ብቻውን አትመነው።

አደራህን፣ ቁጥሩ እንዲነበብ ብለህ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው! ትንሽ ዘይት ቀብተህ በለስላሳ ጨርቅ ጥረገው፣ ከዚያ ባትሪ ከጎን አብራበት። ጥላው ቁጥሩን ያወጣልሃል።