ኪራዩ ይገባል፣ ብሩ ግን የት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ «ኮተቤ ነው የምኖረው። ግቢዬ ውስጥ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች አከራያለሁ፣ እያንዳንዱ 5,000 ብር ነው። በወር 25,000 ይገባል፤ ወሩ ሲያልቅ ግን እጄ ላይ ምንም የለም። መብራትና ውሃ የምከፍለው እኔ ነኝ። ዓምና አንዱ ክፍል ከፍ አድርጎ የሚከራይ ሰው እስኪመጣ ብዬ ሦስት ወር ባዶውን ከረመ። ልጄ አሁን ያሉትን አስወጪና ቀለም ቀብተሽ በ7,000 አከራዪ ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»
የኮተቤዋ እናት

መልስ፦ እናቴ፣ በዚህ ከልጅዎ ጋር አልስማማም።

መጀመሪያ ሕጉ አይፈቅድም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ሰኔ 30 በሚያሳውቀው ልክ ብቻ ነው። ቅድሚያ ክፍያ እንኳ ከሁለት ወር አያልፍም። ስለዚህ «አስወጥቶ በ7,000» የሚለውን ይተዉት።

ደግሞ ችግርዎ የኪራዩ ማነስ አይመስለኝም። እስቲ ያንን ባዶ ክፍል እናስላው። ሦስት ወር ማለት 15,000 ብር ነው። ይህን ብር ከአምስቱም ተከራይ ልሰብስብ ቢሉ እያንዳንዱ ላይ 250 ብር፣ ያውም ዓመቱን ሙሉ በየወሩ መጨመር ነበረብዎት። ያለ አንድም ጭማሪ፣ ያለ አንድም ጭቅጭቅ ክፍሉን ቶሎ በማከራየት ብቻ የሚገኝ ብር ነበር! ሊለቅ ያሰበ ተከራይ አስቀድሞ እንዲነግርዎት ውሉ ላይ ያስገቡ፣ ገና ሳይወጣም ሌላ ሰው መፈለግ ይጀምሩ። በሰዓቱ የሚከፍል ተከራይ ካለዎት ደግሞ በሩ ሲሰበር ቶሎ ይጠግኑለትና እንዲቆይ ያድርጉት።

አሁን ዋናው ነገር፣ መብራቱ። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሄደው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፣ ከዚያ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፣ ከ500 በላይ ሲሆን የመጨረሻው ውድ ዋጋ ላይ ይደርሳል። እርስዎ ግቢ ውስጥ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ለየብቻቸው ቢሆኑ ዝቅተኛው እርከን ላይ የሚቀሩ ሰዎች አንድ ላይ ሲደመሩ እርስዎን ላይኛው ላይ ሰቅለዎታል ማለት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ሁለት ሰዓት ከተጋገረበት ብቻውን 7 ኪሎዋት ሰዓት በላ። እኔ በተከራይነት በኖርኩበት አንድ ግቢ አንዷ ተከራይ እንጀራ ጋግራ ትሸጥ ነበር። ማንም አልከፋባትም፣ ሠርታ ነው የምትበላው። ግን የሷን ምጣድ ሒሳብ አከራያችን ከጡረታዋ ነበር የምትከፍለው፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ለየክፍሉ ራሱን የቻለ ቆጣሪ ማስገባት ይቻል እንደሆነ መብራት ኃይል ሄደው ይጠይቁ። ካልሆነ በየክፍሉ የውስጥ ቆጣሪ ያስገጥሙ፣ የወሩ ቢል ሲመጣ እያንዳንዱ በተጠቀመበት ልክ ይካፈል፣ የሌላው ሒሳብ እርስዎ ላይ አይቅር። ይህን ግን ለአዲስ ተከራይ ወይም ውል ሲታደስ ነው የሚያደርጉት። ለነባሮቹ መብራት ከኪራዩ ጋር ነው ብለው ከተዋዋሉ ቃልዎን ይጠብቁ፣ በስምምነት ካልሆነ በቀር።

ውሃው ላይ መጀመሪያ የጋራ ሽንት ቤቱን ይጠርጥሩ። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ቧንቧዎቹን ዘግተው የውሃ ቆጣሪውን ይዩት። ትንሿ መዘውር እየዞረች ከሆነ የሆነ ቦታ ይፈሳል። ከዚያ ቀይ ስር የተቀቀለበትን ውሃ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ኋላ ባለው የውሃ ሳጥን ውስጥ ይጨምሩና ሳይለቁት ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ቀዩ ወደ መቀመጫው ከወረደ ውሃውን የሚዘጋው ጎማ አልቋል። ጎማው ርካሽ ነው፣ ግን ቀንና ሌሊት ሲያፈስ ከርሞ ይሆናል።

ጣሪያውን ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ያስፈትሹ። አንድ የላላ የቆርቆሮ ሚስማር ኮርኒሱን ሙሉ ያበሰብሳል።

በመጨረሻ ኪራዩን ከቤት ወጪ ይለዩት። ሕጉም ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ስለሚል ለኪራይ ብቻ የሚሆን ሒሳብ ይክፈቱ። ብሩ እንደገባ ለሐምሌ ግብር የሚሆነውን ይቀንሱ፣ ለጥገና ደግሞ በወር 2,000 ያስቀምጡ፣ የቀረው ነው የእርስዎ። ለምስርና ለዘይት ከዚያው እየተነሣ ከሄደ ግን በወር 50,000 ቢገባም አይታይዎትም።

የውስጥ ቆጣሪው ጊዜ ይወስዳል፣ ውሉም ቀኑን ይጠብቃል። ቀይ ስሩን ግን ዛሬ ማታ ይሞክሩት።