በእጅሽ ላሉት ተጫዋቾች ጻፊ

ጥያቄ፦ ለንደን የምኖር የ17 ዓመት ተማሪ ነኝ፤ በትምህርት ቤቴ ኦርኬስትራ ቫዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቅ፣ ድምፁም ዝቅ የሚል የክር መሣሪያ) እጫወታለሁ። የእንግሊዛዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቤንጃሚን ብሪተንን «ዋር ሬኩዊም» (ለጦርነት ሙታን የተጻፈ የጸሎት ሙዚቃ) ከሰማሁ ወዲህ ልቤ የሙዚቃ ደራሲ መሆን ላይ ነው። ለሙሉ ኦርኬስትራ ሲምፎኒ በኮምፒውተር ጀምሬአለሁ። ወላጆቼ ግን ፋርማሲ እንድማር ይፈልጋሉ። ከየት ልጀምር? በዚህ ሥራስ እንጀራ ይበላል?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ሲምፎኒውን ለጊዜው አቆይው። 80 ሰው ተሰብስቦ የሚጫወትልሽ እስኪገኝ ድረስ ኖታው የት ላይ እንደተሳሳትሽ ሊነግርሽ አይችልም። ብሪተን ራሱ «ሥራ ቁጥር 1» ብሎ ያወጣው ሲንፎኒዬታ (ትንሽ ሲምፎኒ)፣ በ1932 ገና ተማሪ ሳለ የጻፈው፣ ለ10 ተጫዋቾች ብቻ ነው። አንቺን የማረከሽ ሬኩዊም የመጣው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1962 አዲሱ የኮቨንትሪ ካቴድራል ሲመረቅ ነው።

ቫዮላ መጫወትሽን አትናቂው። ብሪተንም ሎውስቶፍት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሲያድግ ቫዮላ ይማር ነበር፤ ገና 14 ዓመት ሳይሞላው ከደራሲው ፍራንክ ብሪጅ ጋር ያገናኘችውም የቫዮላ አስተማሪው ናት። ብሪጅ ጥብቅ ሰው ነበር። ትምህርቱ ለሰዓታት ይዘልቃል፤ ልጁ የጻፈው እያንዳንዱ ድምፅ በልቡ የሰማው እንጂ በወረቀት ላይ ያማረለት ብቻ እንዳይሆን ይመረምረዋል። በመካከል ድምፅ ተቀምጦ ከላይና ከታች የሚሆነውን መስማት የቫዮላ ተጫዋች ዕድል ነው፤ በልምምድ ሰዓት ተጠቀሚበት።

በኮምፒውተር የተጻፈ ኖታ ላይ ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች አሉ። ፍሉት በዝቅተኛው የድምፅ ክልሉ ለስላሳ ነው፤ ትራምፔት አብሮት ከጮኸ ይዋጣል። ሶፍትዌሩ ግን ሁለቱንም አጥርቶ ስለሚያሰማሽ ችግሩን የምታውቂው አዳራሽ ውስጥ ነው። ኦቦ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወት ሰው የሚቸገረው አየር አጥሮት ሳይሆን በሳንባው የቀረውን የሚያስወጣበት ጊዜ አጥቶ ነው፤ ስለዚህ ረጅም ዜማ ስትሰጪው ዕረፍት አስገቢለት። ቢ ፍላት ክላርኔት ከተጻፈለት ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ፣ «ዶ» እንዲሰማ ከፈለግሽ በእርሱ ወረቀት ላይ «ሬ» ብለሽ ነው የምትጽፊው። ለየተጫዋቹ የምታትሚው ወረቀት በስተቀኝ ገጽ መጨረሻ ላይ ዕረፍት ከሌለው ገጹን የሚገልጥበት እጅ የለውም፤ ሦስት አራት ሰከንድ ይበቃዋል። የአምስቱ የኖታ መስመሮች ቁመት በአንድነት ከ7 ሚሊ ሜትር ካነሰ ሁለት ሰው በአንድ መቆሚያ ማንበብ ይቸግረዋል። የባር (ኖታው በቋሚ መስመር የሚከፈልበት ክፍል) ቁጥር ካልጻፍሽ ደግሞ የልምምዱ ግማሽ «ከየት እንጀምር?» በማለት ያልቃል።

በጣም እንድታጠኚው የምፈልገው ሥራ ሬኩዊሙ አይደለም፤ በ1958 በኦርፎርድ ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የቀረበው የኖኅ መርከብ ኦፔራ ነው። ብሪተን ለሠፈር ልጆች ነበር የጻፈው። ጥቂት ባለሙያዎች ይመራሉ፤ ልጆቹ አጠገባቸው ሆነው በየአቅማቸው ይጫወታሉ። ሦስተኛዎቹ ቫዮሊኖች ትናንት የጀመረ ልጅ እንኳ እንዲችላቸው በአብዛኛው በባዶ ክር፣ ማለትም ክሩን በጣት ሳይጫኑ፣ ይጫወታሉ። የጥፋት ውኃው ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች የሚሰሙት በገመድ ከተንጠለጠሉ የሻይ ኩባያዎች ነው፤ ልጆች በእንጨት ማንኪያ ይመቷቸዋል። ይህን ሁሉ ያደረገው ሙዚቃውን ሳያረክስ ነው። ኖታውን ከቤተ መጻሕፍት ተዋሺና የእያንዳንዱን ተጫዋች ክፍል ለብቻው እያየሽ ምን ያህል እንደሚከብድ መዝኚ። ለራስሽ መሣሪያ ደግሞ በ1950 ለቫዮላና ፒያኖ የጻፈው «ላክሪሜ» አለ፤ በዜማው ላይ የተሠሩት ልዩ ልዩ ለውጦች ይቀድሙና ከጥንቱ እንግሊዛዊ ደራሲ ከዳውላንድ የተወሰደው ዜማ ራሱ መጨረሻ ላይ ይገለጣል። ቅርጽ ለመማር ከዚህ የተሻለ አታገኚም።

ወደ ማመልከቻው ስንመጣ፣ በብሪታንያ ለአብዛኞቹ ኮንሰርቫቶሮች (ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች) ማመልከቻ የሚገባው ዩካስ ኮንሰርቫቶርስ በተባለው የጋራ የማመልከቻ አገልግሎት በኩል ነው። የሙዚቃ ማመልከቻ የሚዘጋው ትምህርቱ ከመጀመሩ ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት፣ በኦክቶበር መጀመሪያ ነው። ብዙ ተማሪ እንደ ዩኒቨርሲቲ ጃንዋሪ እየመሰለው ያመልጠዋል። የሚጠየቀው የሥራ ብዛት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ የየራሳቸውን መመሪያ አንብቢ፤ አንቺ ግን እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ሦስት ሥራዎች አዘጋጂ፦ አንድ ለቫዮላ ብቻ፣ አንድ ለሦስት ወይም አራት ጓደኞችሽ፣ አንድ ለመዘምራን። በሰው የተጫወተ ቅጂ በስልክ የተቀዳ ቢሆን እንኳ ከኮምፒውተር ድምፅ ይልቅ ስለ አንቺ ብዙ ይናገራል። በቃለ መጠይቁ «ይህን ለምን ለክላርኔት ሰጠሽው?» ዓይነት ጥያቄ ስለሚመጣ ምክንያትሽን አዘጋጂ።

እንጀራውን በተመለከተ ለወላጆችሽ እውነቱን ንገሪያቸው፤ ገቢው ከአንድ ቦታ አይመጣም። ብሪተን ከ1935 ጀምሮ ለብሪታንያ ፖስታ ቤት የፊልም ክፍል በሰከንድ እየለካ ይጽፍ ነበር፤ ለሌሊቱ የፖስታ ባቡር ፊልም የባቡሩን ድምፅ በብርጭቆ ወረቀትና በነፋስ ማሽን ጭምር ነው የፈጠረው። ፒያኖ እየተጫወተ ዘፋኞችን ያጅብ፣ ኦርኬስትራም ይመራ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ትልቅ ኦፔራ ይዞ መዞር ውድ ሲሆን፣ በ1946 ለ8 ዘፋኝና ለ13 ተጫዋች የሚበቃ ኦፔራ ጻፈ። ዛሬም መንገዱ ያው ነው፦ ማስተማር፣ ማቀናበር፣ ለፊልምና ለመድረክ መጻፍ፣ በትእዛዝ መሥራት። ሥራሽ በአደባባይ ሲቀርብ ክፍያ የሚሰበስብልሽ ፒ አር ኤስ የተባለው የሙዚቃ ደራሲዎች ማኅበር ነው፤ ነገር ግን አባል ካልሆንሽና ሥራውን ካላስመዘገብሽ ገንዘቡ አንቺ ዘንድ አይደርስም።

ፋርማሲውንም በቁጣ አትዝጊው፤ ሳይንሱን ይዘሽ ሁለቱንም ማመልከት ትችያለሽ፤ የኦክቶበሩ ቀን ግን መጀመሪያ ይመጣል። ሦስቱ ሥራዎች እስከ ጁላይ ይጠናቀቁ፤ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከተዘጋ በኋላ ተጫዋቾችሽን አንድ ላይ አታገኚያቸውም።