የድሮ ካማሮ፣ አዲስ ሞተር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

«የድሮ መስል ካር (ትልቅ ሞተር ያለው የአሜሪካ መኪና) ላይ ዘመናዊ ሞተርና ሰስፔንሽን ስለመግጠም የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣ። አብዛኛው ከ1967 እስከ 1969 ስለተሠራው የመጀመሪያው ሼቭሮሌት ካማሮ ነው፤ ጥቂቱ ስለ ፎርድ ማስታንግ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ1968 ካማሮ ገዛሁ። ባለ 350 ኪዩቢክ ኢንች (5.7 ሊትር) ሞተሩ ደክሟል። ያለኝ ገንዘብ ለአንድ ትልቅ ሥራ ነው የሚበቃው። ከምን ልጀምር? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ከፍሬኑ ጀምር ወንድሜ። ሞተሩ መጨረሻ ላይ ይምጣ። የዚያን ጊዜ ካማሮ ተጨማሪ ካልተከፈለበት በቀር ከፋብሪካ የሚወጣው አራቱም ጎማ ላይ የታምቡር ፍሬን ይዞ ነበር። ታምቡር አንድ ጊዜ በደንብ ይይዛል። ቁልቁለት ላይ ደጋግመህ ስትረግጠው ግን ይግላል፤ ሲግል መያዙን ይተዋል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ትልቅ ሞተር መጫን አደጋ መጫን ነው።

የእኔ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ መሪውና ቴስቲኒዎቹ፣ ከዚያ ጎማና ሰስፔንሽን፣ ከዚያ ካምቢዮና ዲፈረንሻል፣ በመጨረሻ ሞተር። ሌላም ምክንያት አለኝ። ሞተሩን ቀድሞ ያወረደ ሰው ብዙ ጊዜ መኪናው ቆሞ ይቀርበታል። ገንዘቡ ያልቃል፣ ብርዱ ይገባል፣ ልጅ ይወለዳል፤ መኪናው ሸራ ለብሶ ዓመታት ያልፋሉ። ከፍሬን የጀመረ ግን ቅዳሜ ሠርቶ እሑድ ይነዳዋል። የደከመው 350 ጭስ እስካላበዛ ድረስ እስከዚያ ያደርስሃል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው «ኤልኤስ ግጠም» ይላል። ከድሮው ቪ8 በምን ይበልጣል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ኤልኤስ የሼቭሮሌት እናት ኩባንያ ጀነራል ሞተርስ የሠራቸው ዘመናዊ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተሮች ቤተሰብ ነው። የመጀመሪያው ኤልኤስ1 የወጣው በ1997 ኮርቬት ላይ ነው። 5.7 ሊትር ሆኖ 345 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ብሎኩም ቴስታታውም (የሲሊንደሮቹ ክዳን) አልሙኒየም ነው። በ2008 ኮርቬት ላይ የመጣው ኤልኤስ3 ደግሞ 6.2 ሊትርና 430 ፈረስ ጉልበት ነው። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እንደ ድሮው ብሎኩ ውስጥ ስለተቀመጠ ሞተሩ ጠበብና አጠር ያለ ነው። የድሮ ኮፈን ሥር ያለ ብዙ ግብግብ የሚገባው ለዚህ ነው። የካምቢዮ መግጠሚያ ቀዳዳዎቹም ከአንዱ በቀር ከድሮዎቹ የሼቭሮሌት ቪ8ዎች ጋር ይገጥማሉ። ክብደቱ ከብረቱ ሞተር በ100 ፓውንድ ገደማ ስለሚቀንስ የመኪናው አፍንጫ ይቀላል። በጥር ብርድም ቁልፉን አንዴ ስታዞረው ይነሳል።

ቁጥር ስታወዳድር ግን ተጠንቀቅ። የ1969 ካማሮ ኤስኤስ ባለ 350 ሞተር «300 ፈረስ ጉልበት» ይባላል። ያ ቁጥር የተለካው ሞተሩ ያለ መኪናው ማርሚታና ያለ ተቀጥላዎቹ ብቻውን ቆሞ ነው። በ1972 የአሜሪካ ፋብሪካዎች ሁሉም ነገር እንደተገጠመ ለክተው መጻፍ ጀመሩ። የኮርቬት መነሻ ሞተር በ1971 ወረቀት ላይ 270 ነበር። በ1972 200 ተብሎ ተጻፈ። ሞተሩ ያን ያህል አልደከመም፤ ዋናው ለውጥ አለካኩ ነው። ስለዚህ በዛሬው 430 እና በድሮው 300 መካከል ያለው ርቀት ወረቀት ላይ ከሚታየው ይሰፋል።

ጥያቄ፦ አዲስ ኤልኤስ3 አልችልም። ከጁንክያርድ የሼቭሮሌት ሲልቨራዶ ፒክአፕ ባለ 5.3 ሊትር ሞተር ብገዛስ?

መልስ፦ ግዛ፤ በጣም ጥሩ ምርጫ ነው። ከ1999 ጀምሮ በፒክአፖቹና በታሆዎቹ ላይ የተገጠመው 5.3 የዚያው ቤተሰብ ነው። ብዙዎቹ ብሎካቸው ብረት ስለሆነ የክብደቱን ጥቅም ታጣለህ፤ ጥንካሬው ግን የተመሰከረለት ነው። ስትገዛ ሞተሩን ብቻ ይዘህ አትውጣ። ሽቦውን፣ ኮምፒዩተሩን፣ የነዳጅ ፔዳሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ፔዳሉንም ጨምረህ ውሰድ። በኋላ አንድ በአንድ ስትለቅም ዋጋው እጥፍ ይሆንብሃል።

የፒክአፑ የዘይት ገንዳ ጥልቅ ስለሆነ ካማሮ ላይ አይሆንም። ወይ ከሻንሲው ጋር ይጋጫል፣ ወይ መሬት ሊነካ ይደርሳል። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ አጭር ገንዳ ግዛ። አየር ማስገቢያውም ረጅም ነው፤ ኮፈኑ መዘጋቱን ሞተሩን ለመጨረሻ ጊዜ ከማሰርህ በፊት ለካ። ኮምፒዩተሩ የሞተሩን ዙር የሚያነብበት የክራንክሻፍት ጥርስ በቀደሙት ኤልኤሶች 24 ነው፣ የኋለኞቹ 58። ኮምፒዩተሩ ከሞተሩ ጋር ካልተስማማ አይነሳም። ነዳጅ ለመቆጠብ አራት ሲሊንደር የሚያጠፋ አሠራር ያላቸውን የኋለኞቹን 5.3ዎች ካገኘህ ሊፍተሮቻቸው (ቫልቮቹን የሚገፉት ዕቃዎች) ደካማ ጎናቸው ስለሆኑ ለእነሱ የሚሆን ገንዘብ ያዝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስኩት የ1966 ማስታንግ አለኝ። ሞተሩ 289 ኪዩቢክ ኢንች ነው። ዘመናዊውን ባለ 5.0 ሊትር ሊገጥሙልኝ የፊቱን ብረት መቁረጥ ግድ ነው አሉኝ። እውነት ነው? (ከሲያትል)

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ። በ2011 ማስታንግ የመጣው አዲሱ 5.0 አራቱም ካምሻፍቶቹ ቴስታታዎቹ ላይ ናቸው። ጉልበቱ 412 ነው፤ ግን በጣም ሰፊ ነው። የድሮው ማስታንግ የፊት ሞላ የሚቀመጥባቸው የብረት ማማዎች ደግሞ ሞተሩን ከሁለት በኩል ጠበቅ አድርገው ይዘውታል። እነሱን ሳይቆርጡ አይገባም። ተቆርጦ ሌላ የፊት ሰስፔንሽን ሲበየድ መኪናው በደንብ ይነዳል፤ ግን የአባትሽ መኪና ወደነበረበት ለመመለስ በጣም ይከብዳል።

አንቺን ብሆን ብዬ ሳስብ ሌላ መንገድ ይታየኛል። ከ1987 እስከ 1992 በማስታንግ ላይ የተገጠመው ባለ ኢንጀክሽን 5.0 የ289 የቅርብ ዘመድ ነው። 225 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አንድም ብረት ሳይቆረጥ ይገባል። የዘይት ገንዳውን ከፊት በኩል በሚጠልቅ መቀየርና ከእሱ ሚዛን ጋር የሚሄድ ፍላይዊል መግጠም ብቻ ነው፤ የ289ኙ አይሆነውም። የአባትሽን 289 በዘይት አሽጊና አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ካማሮዬ ኩርባ ላይ ያስፈራል። ሞላውን ቆርጬ ዝቅ ላድርገው? (ከአትላንታ)

መልስ፦ አትቁረጥ። ሞላ መቁረጥ መኪናውን ያሳጥረዋል እንጂ አያሻሽለውም። ችግሩ የፊት ጎማዎቹን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት የኮንትሮል አርሞች አቀማመጥ ነው። የ1960ዎቹ መሐንዲሶች ይህን ፊት የነደፉት በዘመናቸው ለነበረው ጠባብ ጎማ ነው። ኩርባ ላይ መኪናው ሲያጋድል፣ ክብደቱ የወደቀበት የውጭ ጎማ አናቱ ወደ ውጭ ይዘነበላል። ያኔ መንገዱን የያዝከው በጎማው ጠርዝ ብቻ ነው። ዛሬ የምንገጥመው ሰፊ ራዲያል ደግሞ ሙሉ ፊቱ መሬት ካልነካ ምንም አይጠቅምህም።

መድኃኒቱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ዲክ ጉልድስትራንድ የሚባለው የውድድር ሰው የካማሮን የላይኛ ኮንትሮል አርም ማሰሪያ ቦታ አዛወረ። አሠራሩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የውድድር መኪና ሠሪው ካሮል ሼልቢም በ1965 ጂቲ350 ማስታንግ ላይ የላይኛውን አርም 1 ኢንች ዝቅ አድርጎ ገጥሟል። ዛሬ ይህ ስሌት የተሠራባቸው የቱቦ ኮንትሮል አርሞች ይሸጣሉ፤ ብረት መብሳት እንኳ አያስፈልግህም።

አርሞቹን ስትቀይር ካስተሩን (የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያዘነበለበትን ማዕዘን) አትርሳ። የፋብሪካው ቁጥር ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ለራዲያል ጎማ 5 ዲግሪ ገደማ ስታደርገው መኪናው ሀይዌይ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መሪውም ራሱ ይመለሳል። አላይመንት የሚሠሩልህ ሰዎች ኮምፒዩተራቸው ላይ ያለውን የ1969 ቁጥር እንዳይጠቀሙ አስቀድመህ ንገራቸው። ስንት ሺህ ብር የወጣበት ሰስፔንሽን በዚህ ብቻ ተበላሽቶ አይቻለሁ፤ በጣም ያናድደኛል።

ካማሮ ከፊት ለብቻው የሆነ ሻንሲ አለው። ከቦዲው ጋር የተያያዘው በብሎንና በጎማ ትራስ ነው። ከኋላ ሻንሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱ ነው የሚሸከመው። ትራሶቹ ከ50 ዓመት በላይ ስለሆናቸው ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። ቀይራቸው። ከፊቱ ሻንሲ እስከ ኋላው ድረስ የሚያያይዝ ብረትም አስበይድ። ጉልበት ስትጨምር ቦዲው እንዳይጠመዘዝ የሚይዘው እሱ ነው።

ከኋላ ያለውን ባሌስትራ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ይወቅሰዋል። የ1967ቱ አንድ ቅጠል ብቻ ስለነበረው ነዳጅ ስትረግጥ የኋላው ጎማ ይዘል ነበር። በ1968 ፋብሪካው አንዱን አሞርዛተር ከአክሱሉ ፊት፣ ሌላውን ከኋላ አድርጎ አረጋጋው። ለመንገድ መኪና ብዙ ቅጠል ያለው አዲስ ባሌስትራና ጥሩ አሞርዛተር ይበቃል። ፎር ሊንክና ኮይልኦቨር (ባሌስትራውን የሚተኩ የብረት ክንዶችና ሞላ የለበሰ አሞርዛተር) ለውድድር ሜዳ ለሚወጣ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ የድሮው የነዳጅ ፓምፕ ለኤልኤስ ይሠራል?

መልስ፦ በፍጹም። ካርቡራቶር የሚፈልገው ግፊት ከ6 እስከ 7 ፒኤስአይ ነው፤ ኤልኤስ 58 ይፈልጋል። ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ይሁን፤ በራሱ ቤንዚን ይቀዘቅዛል፣ ድምፁም አይረብሽም። ቱቦዎቹ ለኢንጀክሽን ግፊት የተሠሩ መሆናቸውን ጽሑፉን አንብበህ አረጋግጥ። በዚህ ግፊት የሚያፈስ ቤንዚን የጋለ ማርሚታ ላይ ሲረጭ መኪናህ በእሳት ይያያዛል፤ አንተም ውስጡ ተቀምጠህ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥብ።

ጥያቄ፦ ዴንቨር ነው የምኖረው። ሁሌ ጠዋት ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ተራራ ላይ ስወጣም ይታፈናል። ኢንጀክሽን ይፈታዋል?

መልስ፦ አዎ፣ ለአንተ ኢንጀክሽን ከማንም በላይ ያስፈልግሃል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ካርቡራቶርህ ለባሕር ዳርቻ ከተስተካከለ ለዚያ አየር ቤንዚን ያበዛል። ኢንጀክሽን በሴንሰሮቹ የአየሩን መጠን ስለሚያውቅ ነዳጁን ራሱ ይቀንሳል። ጭሱና መታፈኑ ይጠፋል። ከስስ አየር የሚመጣው የጉልበት ማነስ ግን አይጠፋም። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። አዲስ አበባ የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ሞተሩን ሳልነካ ካምቢዮውን ብቻ ብቀይር ለውጥ አለው?

መልስ፦ ትልቅ ለውጥ አለው። ድሮ የመጨረሻው ማርሽ አንድ ለአንድ ነው። የዲፈረንሻልህ ጥርስ ምጥጥን 3.73፣ ጎማህ 26 ኢንች ቁመት ቢሆን፣ በሰዓት 70 ማይል ስትነዳ ሞተሩ በደቂቃ 3,370 ገደማ ይዞራል። ጆሮ ያደነቁራል። 0.70 ኦቨርድራይቭ ያለው ካምቢዮ ስትገጥም ይኸው ፍጥነት በ2,360 ይሆናል። ባለ ስድስት ማርሹ ቲ56 ግን ግዙፍ ነው፤ ካማሮ ውስጥ ወለሉን ከፍ ማድረግ ሊያስፈልግህ ይችላል። ካምቢዮው ሲቀየር የድራይቭ ሻፍቱን ማዕዘን እንደገና ለካ፤ ካልተስተካከለ መኪናው ይንቀጠቀጣል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው 302 ሞተር ያለው የ1969 ካማሮ ዜድ28 ነው። ኤልኤስ ልግጠምበት?

መልስ፦ እባክህ አትንካው። በሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከመኪናው ጋር ከገጠመ በጣም ጥቂት ሰው ያለው ነገር ነው የያዝከው። ኤልኤስ ከፈለግክ ሞተሩ የጠፋበት ተራ ካማሮ ፈልግ። እንደ አንተ ያለው መኪና ላይ በብሎን ገብቶ በብሎን የሚወጣ ነገር ብቻ ግጠም፤ የነበረውንም ዕቃ አንድ ሳትጥል አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ኤልኤስ ገጠምኩ፤ ትራፊክ ላይ ሲቆም ይግላል።

መልስ፦ መጀመሪያ ከቴስታታዎቹ የሚወጣውን ቀጭን የእንፋሎት ቱቦ እይ። ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይደፍነዋል። ወደ ራዲያተሩ ካልተመለሰ አየር ውስጥ ይታመቃል። ቀጥሎ ፋኑ። ኤሌክትሪክ ፋን ብዙ አምፒር ይበላል። የመነሻው ካማሮ አልተርኔተር 37 አምፒር ብቻ ነበር፤ 100 እና ከዚያ በላይ የሚሰጥ ግጠም። ፋኑ ዙሪያ መከለያ ከሌለውም አየሩ በራዲያተሩ ሳይሆን በጎን ያልፋል።

ጥያቄ፦ ካሊፎርኒያ ሞተር መቀየር አይከለክልም?

መልስ፦ 1975 እና ከዚያ በፊት የተሠራ ቤንዚን መኪና ከስሞግ (የጭስ ብክለት) ምርመራ ነጻ ነው። ከ1976 ጀምሮ ያለው ግን ይመረመራል፤ ሞተሩም ከነሙሉ የጭስ ማጣሪያው መጽደቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ሠርቼ ስጨርስ አዲስ አበባ ልልከው አስቤ ነበር።

መልስ፦ ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ይህን አስብበት። እዚሁ ንዳው።

ጥያቄ፦ ሁሉም ተገጥሞ አለቀ። ቁልፉን ከማዞሬ በፊት ምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃህ። መጀመሪያ ቁልፉን አብርተህ ፓምፑ ግፊት ይሙላ፤ ከዚያ መኪናው ሥር ገብተህ የነዳጅ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በባትሪ እይ። ኢንጀክተሮቹንና ኮይሎቹን ነቅለህ የዘይት ግፊቱ ጌጁ ላይ እስኪታይ ሞተሩን አሽከርክረው፤ እንዲህ ሳታደርግ አታስነሳ። ከሞተሩ ወደ ቦዲውና ወደ ሻንሲው የሚሄዱት የምድር ሽቦዎች ወፍራምና ከቀለም የጸዱ ይሁኑ፤ የኮምፒዩተር እብደት የሚመስለው ችግር አብዛኛው ከዚያ ነው። ፍሬኑን እንደቆመ ረግጠህ ፔዳሉ እንደማይሰምጥ ካየህ በኋላ በግቢህ ውስጥ በዝግታ ሞክረው። 100 ማይል ያህል ስትነዳው እንደገና ሊፍት ላይ አውጣውና የሞተር መያዣውን፣ የሰስፔንሽኑን፣ የድራይቭ ሻፍቱንና የቸርኬውን ብሎኖች በቶርክ ቁልፍ አንድ በአንድ እለፍባቸው።