ሳይበሉም ኢንሱሊን ያስፈልጋል፦ ለሕክምና ተማሪዎች

ሰሞኑን አንዲት የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ አስቆመችኝ። «ዶክተር፣ ይሄን ሁሉ የኢንዛይም ስም መቸከል ምን ያደርግልናል? ዎርድ ስንገባ ማን ይጠይቀናል? ቢያስፈልግም ስልኬ ላይ አለ» አለችኝ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። በአጭሩ መለስኩላትና ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሳታውቀው የቆየ ቁጭት ቀስቅሳብኛለች።

ኢንተርን ሳለሁ ነው፤ ከከተማ ራቅ ያለ ሆስፒታል ውስጥ። አንድ ማለዳ 12 ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ በቃሬዛ መጣች። ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ስንጠራት አትመልስም። ተኝታ ሳለ ሩጫ ላይ እንዳለ ሰው በጥልቀትና በፍጥነት ትተነፍሳለች። ጠጋ ስል ትንፋሿ አሴቶን ይሸታል፤ የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት ያ አሴቶን። ካርዷን ስናወጣ ከወራት በፊት በስኳር ተኝታ፣ ድና፣ ኢንሱሊን ተሰጥቷት ሄዳለች።

እናትየው የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ከውስጡ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ የኢንሱሊን ብልቃጥ ወጣ። ቤት ውስጥ የምታስቀምጠው ከውሃ እንስራው ሥር፣ ቀዝቀዝ ያለው ቦታ ላይ ነበር። ብልቃጡ ብዙም አልጎደለም።

«አላባከንኩትም ልጄ» አለችኝ። «ከምግብ በፊት ውጊያት ብለውኛል። እሷ ግን ሰሞኑን አሟት እህል አልቀምስም አለች። ሳትበላ ምን ብዬ ልውጋት? ተውኩት።»

ልጅቷ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ አረፈች።

እናትየው የተባለችውን ቃል በቃል ነው የፈጸመችው። ፈሳሽም ኢንሱሊንም ሰጥተናል፤ የመጣችው ግን እጅግ ዘግይታ ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ፣ መጀመሪያ ከሆስፒታል ስትወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚጨምርላት ሰው መጥፋቱ ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ባዮኬሚስትሪ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

እስቲ አብረን እንየው። ብዙ ሰው ኢንሱሊንን የምግብ ማወራረጃ አድርጎ ያስበዋል። ኢንሱሊን ግን መልእክት ነው። ጡንቻ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ፣ መልእክቱ በሕዋሱ ውስጥ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን ይተላለፋል። በመጨረሻ ግሉኮስ አስገቢዎቹ ከውስጥ ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ፤ ስኳሩም ይገባል። ይህንን ሁላችሁም ፈተና ላይ ትጽፉታላችሁ። የሚረሳው ሌላው ሥራው ነው። ኢንሱሊን ለስብ ሕዋስ «ያለህን አትበትን»፣ ለጉበት ደግሞ «ስኳርም ኪቶንም (ስብ ሲቃጠል ጉበት የሚሠራው አሲድ) በገፍ አታምርት» ይላል። ፍሬን ነው። ጤነኛ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም፣ ከዚያም በላይ ምግብ ሳይቀምስ ሲውል፣ ቆሽቱ ጥቂት ኢንሱሊን ማመንጨቱን አያቆምም። ስቡ በልክ ይቃጠላል፣ ኪቶኑም በልክ ይሠራል፣ ደሙ አይመረዝም።

አይነት አንድ ስኳር ያለበት ልጅ ግን ያቺ ጥቂት ኢንሱሊን የለችውም። መርፌው ሲቀር ፍሬኑም አብሮ ይቀራል። ስቡ ይፈታል፣ ከስቡ የሚወጣው ፋቲ አሲድ ወደ ጉበት ይጎርፋል። ከዚያ የሚወጣው ቁራጭ፣ አሴቲል ኮኤ፣ ሕዋሱ ኃይል ከሚያወጣበት ከክሬብስ ዑደት አቅም በላይ ይሆናል፤ አሴቲል ኮኤን ወደ ዑደቱ የሚቀበለው ኦክሳሎአሴቴት ስኳር ለመሥራት እየተወሰደ ነውና። የተረፈው ኪቶን ይሆናል፣ ደሙም አሲድ ይሆናል። ያ ጥልቅ አተነፋፈስ ሰውነቷ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አስወጥቶ አሲዱን ለመቀነስ የሚያደርገው ትግል ነበር። ሕመም ሲጨመርበት አድሬናሊን፣ ኮርቲዞልና ግሉካጎን የሚባሉት ሆርሞኖች ይነሣሉ፤ እሳቱን ያባብሱታል። ስለዚህ ልጅ ታሞ ምግብ ሲከለክለው የኢንሱሊን ፍላጎቱ ሊጨምር ሁሉ ይችላል። እናትየው ካሰበችው ተቃራኒው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሆርሞን ተመራማሪው ኧርል ሰዘርላንድ ሳላነሣ አላልፍም፤ ሁሌም የምወደው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ የተፈጨ ጉበት ይዞ፣ አድሬናሊንና ግሉካጎን ጉበትን ስኳር የሚያስለቅቁት እንዴት እንደሆነ ይመረምር ነበር። ሆርሞኑ የሕዋሱን ሽፋን ከያዘው ክፍል ጋር ሲገናኝ አንዲት ትንሽ ነገር ትፈጠራለች። ቢያፈሏትም አትበላሽም። ሽፋኑ በሌለበት ፈሳሽ ላይ ሲጨምሯት የሆርሞኑን ሥራ ትሠራለች። ሳይክሊክ ኤኤምፒ ነበረች። ሆርሞኑ ደጅ ቆሞ፣ ውስጥ ሌላ መልእክተኛ ይልካል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ለዚህ ሥራው ኖቤል ተሸለመ። ስብ ሕዋስ ውስጥ ስቡን ፍታ የምትለው መልእክተኛም እሷው ናት። ኢንሱሊን ስብን የሚይዝበት አንዱ መንገድ ይህችን መልእክተኛ የሚሰባብር ኢንዛይም ማንቀሳቀስ ነው። ያቺ ልጅ ሰውነት ውስጥ ሰባሪው ሥራ ፈትቶ ነበር። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የፈተና ጥያቄ ብቻ ሆና ትታያችኋለች?

ጠንክራችሁ አጥኑ አልላችሁም፤ እሱን ቤተሰቦቻችሁ በበቂ ነግረዋችኋል። የዛሬ ልጆች ግን ትቸኩላላችሁ። ሃንድአውቱን በስልክ ታነሡና ያነበባችሁት ይመስላችኋል። በእኛ ጊዜ መምህራችን የሜታቦሊዝሙን ካርታ ከጥቁር ሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ በጠመኔ ይሥለው ነበር። እኛም እየተከተልን እንሥላለን፤ እጃችን ይዛል። ያ ድካም መልካም ነበር ብዬ አምናለሁ። በሌላ በኩል እውነቱን ለመናገር፣ እኛ «ለምን?» ብለን አንጠይቅም ነበር። ፈራን፣ ቸከልን፣ አለፍን። ያቺ ተማሪ ያለችኝን እኔ በእሷ ዕድሜ ለመምህሬ ደፍሬ አልለውም። ስለዚህ አትቸክሉ ልላችሁ ነበር። መልሼ ሳስበው ግን ቸክሉት። ለሊት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ኔትወርክ አይኖርም፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። ብቻ የካርታውን እያንዳንዱን ቀስት ስትቸክሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ ይህ ቀስት ቢቆም ወይም ከልክ በላይ ቢሮጥ፣ በሽተኛው ላይ ምን አያለሁ? ምን እሸታለሁ?

ከዚያ ቀን በኋላ ስኳር ያለበት ልጅ ስሸኝ ኢንዛይም አላነሣም። እናትየውን አስቀምጬ እንዲህ እላታለሁ፦ «እናቴ፣ ይህ መርፌ ለምግቡ ብቻ አይደለም። ሳይበላም ሰውነቱ ይፈልገዋል። አሞት እህል እምቢ ቢል በራስሽ አታቋርጪው፤ መጠኑን እኛ እናስተካክላለን። ካስመለሰው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም አሴቶን ከሸተተ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ይዘሽው ነይ።» ከዚያ እሷ መልሳ ትነግረኛለች። ብዙ ጊዜ «ከምግብ በፊት እወጋዋለሁ» ብላ ትጀምራለች። «ካልበላስ?» እላታለሁ። ዝም ካለች ከመጀመሪያው እንደገና እንጀምራለን፤ ወረፋው ቢረዝምም።