ድዳችሁ ሲደማ

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ልብ ሳዳምጥ ኖሬ ስለ ጥርስ ልጽፍላችሁ መነሣቴ ሳይገርማችሁ አይቀርም። ምክንያቴ አንድ የ22 ዓመት ልጅ ነው። በልጅነቱ ቶንሲል ልቡን ጎድቶት፣ በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌውን እየተወጋ እኔ ዘንድ ሲመላለስ ያደገ። አንድ ክረምት ትኩሳት አልለቅ አለው። ሌሊት ያልበዋል፣ ከሳ። ሰፈሩ ያለው ክሊኒክ አንዴ ታይፎይድ፣ አንዴ ታይፈስ እያለ ከአንድ ወር በላይ አክሞት መጣ። ስጨብጠው ጥፍሮቹ ሥር ስንጥር የገባ የሚመስሉ ቀጫጭን ጠቆር ያሉ መስመሮች አየሁ። ያኔ ነው አፉን ያስከፈትኩት። የታች መንጋጋው ተሸርፏል፣ ድዱ መግል ቋጥሯል፤ ቅርንፉድ እየያዘበት ነበር የከረመው። ያን ሁሉ ዓመት ልቡን ሳዳምጥ አንድም ቀን አፍህን ክፈት ብዬው አላውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ደሙ ውስጥ የተገኘው አፍ ውስጥ የሚኖር ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነበር። በሰው አፍ ከ700 በላይ የባክቴሪያ ዓይነቶች ተለይተዋል፤ አብዛኞቹ ተቻችለውን የሚኖሩ ናቸው። ድድ ሲታመም ግን ስናኝክና ስንቦርሽ እንኳ ወደ ደም ይዘልቃሉ። ጤነኛ ልብ ላይ ማረፊያ ስለማያገኙ ሰውነት ቶሎ ያጸዳቸዋል። እንደ እሱ ጠባሳ ያለበት ቫልቭ (የልብ በር) ካገኙ ግን ተጣብቀው ይራባሉ። ልጁ አራት ሳምንት ሙሉ በደም ሥሩ መድኃኒት ወስዶ ዳነ።

«የድድ ባክቴሪያ የመርሳት በሽታ ያመጣል» የሚል ወሬ ስታዩ ደግሞ ቀስ በሉ። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባለው የድድ ባክቴሪያ አሻራ በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ተገኘ ተብሎ በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ባክቴሪያውን እንዲያከሽፍ የተሠራው መድኃኒት ግን በ2021 የሙከራ ውጤቱ ሲታይ የታሰበለትን አላደረገም። ከመቶ ዓመት በፊትም በእንግሊዝና በአሜሪካ ለሕመሙ ሁሉ ጥርስ እየተወነጀለ ስንት ደህና ጥርስ በከንቱ ተነቅሏል። የስኳር ሕመም ነገር ይለያል፤ ስኳር ድድን ያባብሳል፣ የታመመ ድድም ስኳሩን አልታዘዝ ያሰኘዋል።

ድዳችሁ ሲደማ ብሩሹን ወይም መፋቂያውን አትጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚያደማው ድዱ ጥግ የተጠራቀመው ቆሻሻ ነው፤ በቀስታ አጽዱት፣ ካልተወ ታዩ።

ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተተከለላችሁ ወይም እንደዚያ ልጅ ባክቴሪያ ልባችሁ ላይ ተራብቶ አንዴ የታመማችሁ ግን ጥርስ ከመነቀላችሁ በፊት ተናገሩ፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ የሚወሰድ መድኃኒት አለ። «ልብ አለብኝ ካልኩ አይነቅሉልኝም» ብለው የሚደብቁ ብዙ አይቻለሁ። እውነት ነው፣ ፈርቶ የሚመልሳችሁ ይኖራል። ያኔ ከልብ ሐኪማችሁ ወረቀት አጽፋችሁ ተመለሱ።